አድሮ የተገኘው ግንብ

ይድረስ ለእናታችን የዓይን ማረፊያ፣ ለቤታችን ዋልታ፣ በልጅነቴ ደግሞ በስንፍናዬ ልክ ጆሮዬን እየሳበ ላስረዘመልኝ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ።

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ቀና አለልህ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያጉረመርመው ጉልበትህስ ጸባይ ገዛ? እንቅልፍህ ተመልሷል ወይስ ዛሬም ከወፍ ቀድመህ እየተነሳህ የባለቤትህን ሰላም ታናጋለህ? ወደቡ ላይ የምታንቀሳቅሳት ክሬንስ ደህና ናት? እናታችን፣ እዚያ ሰማይ ላይ ተሰቅሎ ሲውል ነፋስ እንዳይመታው ሹራብ ይደርብ ብላለች። እኔ ደግሞ ደርበህም ቢሆን ያነሳኸው ኮንቴነር ሰው ላይ እንዳይወርድ አደራ እላለሁ፤ ሹራብ እስር ቤትም ያገለግላልና። እኛ ተመስገን ደህና ነን። ከናፍቆትህ በቀር የሚያመን፣ ከጣሪያችን በቀር የሚያፈስ የለም።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። “ኮሌጃችሁ ሊዘጋ ነው አሉ፤ ሥራ ፈትተሽ እንደሆነ አትደብቂኝ” ያልካትን መስመር ሳነብ ወሬው ከማን እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። የአክስታችን ልጅ ናት። እሷ አፍ ውስጥ ያደረ ወሬ መቼም ባዶውን አይወጣም፤ ወልዶ ነው የሚወጣው። ኮሌጁ አልተዘጋም። ሊታጠፍ የነበረው የእኔ ክፍል ነው፤ እሱንም እንዴት እንደሆነ ከእኔው አፍ ስማው። ቁጭ ብለህ አንብበው እንጂ ክሬኗ ላይ ሆነህ አትሞክረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ ዛሬ መንግሥት በጀቱን የሚሰጠው ለኮሌጁ ነበር። ሰልጣኝ መጣ አልመጣ፣ ተማረ ተኛ፣ እኛ ደመወዛችንን እንበላለን። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ግን ገንዘቡ የሚሰጠው ለሰልጣኙ ነው። እሱ ይዞት ወደወደደው ኮሌጅ ይሄዳል፤ ወደ እኛም ቢሻው፣ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ባለመስታወቱ የግል ኮሌጅም ቢሻው። ስለዚህ በዕድሜያችን ደንበኛ የሚባል ፍጡር አይተን የማናውቅ ሰዎች፣ ተዘጋጅታችሁ ገበያ ውጡ ተባልን። እናታችን ይህን ስነግራት ጥቂት አሰበችና “ገንዘቡ ተማሪውን ከተከተለ አስተማሪውን ማን ይከተለዋል?” አለችኝ። ጥያቄዋን ለዲናችን አቀረብኩለት። “ጥሩ ግብዓት ነው” ብሎ ጻፈው።

ዲናችን ከዚያ ቀን ወዲህ “ገበያው” የማይልበት ዓረፍተ ነገር ስለሌለው ጋሽ ገበያ የሚል ስም ወጥቶለታል። ሻይ ሲያዝ ስኳር ምን ያህል ይደረግ ቢሉት “ገበያው የሚፈልገውን ያህል” ይላል። እሱ ያመጣልን አማካሪ ደግሞ ሸሚዙ ከመተኮሱ ብዛት ሲቀመጥ የሚሰበር የሚመስል ሰው ነው። ግድግዳው ላይ ብርሃን እያበራ “ደንበኛ ንጉሥ ነው” የሚል አስነበበን፤ ቀጥሎ ፈገግታ አለማመደን። የብየዳው አስተማሪ ዕድሜ ልኩን ፊቱን በጭንብል ሸፍኖ የኖረ ሰው ነው። ተራው ደርሶ ፈገግ ሲል ሁላችንም በአንድ አፍ፣ እባክህ ጭንብሉን መልሰው ብለን ለመንነው።

ከዚያ ስማችንን ለወጠ። የቧንቧው ክፍል “የፈሳሽ ጉዞ አማራጮች” ሆነ። የእኔ ግንበኝነት “አቀባዊ የግንባታ መፍትሔዎች” ተባለ፤ ግንብ ድሮስ ተኝቶ ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ አመለካከትሽን ቀይሪ ተባልኩ። ሰልጣኝ ማለትም ቀረ፤ “ደንበኛ” ነው የሚባለው። ስለዚህ የተንጋደደ ግንብ ሳይ እንደ ድሮው መጮህ ትቼ “ውድ ደንበኛዬ፣ ግንብህ ትንሽ ጠጥቷል” እላለሁ። የዘበኛችንማ የባሰ ነው። ዕድሜውን ሙሉ “ወዴት ነው? ተመለስ!” ሲል የኖረ ሰው፣ ደረቱ ላይ “የደንበኞች ተቀባይ” የሚል ባጅ ተለጥፎለት ሰው አስገባ ተባለ። አስገባ ከተባለ ያስገባል! መንገደኛውን እጅጌውን ጨምድዶ “ግባ አልኩህ! ሰልጥን!” ይለዋል። አንድ ቀን ፖስተኛውን ጎትቶ ልብስ ስፌት ሊያስመዘግበው ሲል ደርሼ ነው ያስጣልኩት።

ሳቁን እዚህ ላይ ላቁምልህና የሚያስጨንቀውን ልንገርህ። የዝግጅቱ መደምደሚያ ምዘና ነበር። እያንዳንዱ ክፍል ከውጭ ሥራ ተቀብሎ፣ ሠርቶ አስረክቦ፣ ያሠራውን ሰው በአካል መዛኞቹ ፊት አቁሞ “ረክቻለሁ” ማሰኘት አለበት። ይህ ያቃተው ክፍል ይታጠፋል። የእኔዎቹ ሰልጣኞች ሊመረቁ የቀራቸው ጥቂት ነው፤ ክፍሉ ከታጠፈ ወይ ሌላ ሙያ ከሀ ይጀምራሉ፣ ወይ ባዶ እጃቸውን ወደየቤታቸው ይገባሉ። ለእኔ የታሰበልኝ ደግሞ ከዘበኛው ጎን ቆሜ በራሪ ወረቀት ማደል ነበር። አማካሪው ወርክሾፓችንን ሲጎበኝ አሸዋችንን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ “እዚህ ጋ ሶፋ ያምራል፤ የደንበኞች ማረፊያ ይሆናል” ሲል ሰልጣኞቼ ሰምተውታል። ያን ቀን ከእነሱ ምሳ የበላ አልነበረም።

አሁን ስለ ክፍላችን አንድ ነገር ማወቅ አለብህ፤ ያለሱ የሆነውን ብነግርህ አታምነኝም። እኛ ጋ ጡብ ቋሚ ንብረት ነው፤ እንደ ጠረጴዛና እንደ ካዝና። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ጡቦቹን እንደወለደቻቸው ነው የምታውቃቸው፤ የአንዱ ጥግ ቢሸረፍ “ይሄን ማን መታው?” ትላለች። ስለዚህ ሰልጣኞቼ ግንብ የሚሠሩት በጭቃና በአሸዋ ነው። ይገነባሉ፤ እኔ በውሃ ልክና ቀጥታውን በሚያሳየው ክር፣ በቱንቢ እለካለሁ፤ ነጥብ እሰጣለሁ። ከዚያ ወዲያው ያፈርሱታል፣ ጡቦቹን አንድ በአንድ ያጥባሉ፣ ደርድረው ለኃላፊዋ ይመልሳሉ፣ ወለሉን ይጠርጋሉ። በማግስቱ ሌላ ቡድን በእነዚያው ጡቦች ያንኑ ግንብ ይሠራል። አንዳንዶቹ ጡቦች ከእኔ የበለጠ የአገልግሎት ዘመን አላቸው፤ የቀራቸው ጡረታ ብቻ ነው። በእኛ ቤት ሥራ አለቀ የሚባለው ግንቡ ፈርሶ ወለሉ ሲጠረግ ነው።

ደንበኛ ፍለጋ ስንዞር ያገኘናት ከኮሌጁ ጀርባ ዳቦ ቤት ያላት ሴት ናት። ምድጃዋ ቢጠፋ በምላሷ ትጋግራለች ይሏታል። ከምድጃው የሚወጣው ወላፈን ዳቦ ሊገዛ የሚሰለፈውን ሰው ስለሚለበልበው፣ በምድጃውና በመሸጫው መካከል ግንብ ትፈልግ ነበር። ጡቡንም ሲሚንቶውንም ገዝታ አስቀምጣለች፤ ግንበኛ ግን ዛሬ መጣሁ ነገ መጣሁ እያለ አንገሽግሿታል። “እናንተ ተማሪዎች ናችሁ፤ ብታበላሹትስ?” ስትል የሰልጣኞቹ አለቃ ቀድሞኝ “እትዬ፣ እኛ እኮ እንዲህ ያለ ግንብ ስንት ጊዜ ሠርተናል መሰለዎት!” አላት። እሱን ቱንቢ ነው የምንለው፤ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ቀጥ ብሎ ይናገራል፣ ውሸት አያውቅም። ድሮ የታክሲ ረዳት ነበር፤ ባለትዳር ሆኖ ነው ሙያ ልማር ብሎ የመጣው። ያላትም እውነቱን ነው፤ ብዙ ጊዜ ሠርተናል። ታዲያ የት አለ ብላ ግን አልጠየቀችንም።

ማክሰኞ ማለዳ ገቡ። ጋሼ፣ ብታያቸው! ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሲሚንቶ ነክተው እንደ ሐር ጨርቅ በጣታቸው ያሹታል። ዳቦ ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አንዱ “በርቱ” ሲል ሌላው “ያቺኛዋ ዞራለች” ይላል። መቼም ግንብ ሲሠራ ግንበኛ ያልሆነ ሰው የለም። ከምሳ በኋላ አለቀ። ውሃ ልኩን ባስደግፍበት አረፋዋ መሃል ላይ ተኛች፤ ክሩን ባንጠለጥለው ከላይ እስከ ታች ከጡቡ ጋር ሳይጣላ ወረደ። ሴትየዋም ዞር ዞር ብላ አየችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን አየነው። “ዱቄት አስጭኜ እስክመለስ ጠብቁኝ፤ ዳቦ አበላችኋለሁ” ብላ ወጣች። እኔም ልማዴ ነውና “ዘጠና ስምንት!” ብዬ ነጥባቸውን ነገርኳቸው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ገበያ ነው፤ ስብሰባ ጀምረናል የት ነሽ አለኝ። የስብሰባው ርዕስ “ደንበኛን እንዳያመልጥ አድርጎ መያዝ” ነበር። ሄድኩ።

እኔ እዚያ ተቀምጬ የደንበኛ አያያዝ ስማር ሰልጣኞቼ ምን ያደርጉ ነበር? ገምተሃል አይደል? ግንቡ ተለክቷል፤ ነጥብ ተሰጥቷል፤ አስተማሪዋ ሄዳለች። እጃቸው የሚያውቀውን ሠራ። ሲሚንቶው ገና አልጠነከረም ነበርና ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ አወረዱት። ጡቦቹን አጠቡ። ጥግ ላይ በመስመር ደረደሩ። ወለሉን ጠረጉ፤ የሰው ቤት ነው ብለው ደግሞ በውሃ ወለወሉት። ከዚያ ዳቧቸውን መጠበቅ ጀመሩ።

ሴትየዋ ስትመለስ የተሳሳተ በር የገባች መስሏት ወጥታ ሰሌዳውን አየች አሉ። ተመልሳ ገብታ “እናንተ፣ ግንቤስ?” አለች። ቱንቢ በኩራት “እትዬ፣ ዘጠና ስምንት አግኝተናል!” አላት። እኔ የሰማሁት ጩኸቷ በስብሰባ አዳራሹ መስኮት ሲገባ ነው። አማካሪው “የደንበኛን ድምፅ ማዳመጥ” የሚለው ገጽ ላይ ነበር፤ ዞሮ መስኮቱን አየ። እየሮጥኩ ስገባ ዳቦ የምታወጣበትን ረጅም እንጨት ይዛ “አንቺ ነሽ አስተማሪያቸው? ሌባ እንኳ ግንብ አይሰርቅም!” ትለኛለች። ሰልጣኞቼ ምን እንዳጠፉ የገባቸው የእኔን ፊት ሲያዩ ነው። ቱንቢ አመድ መስሎ “ቲቸር፣ አልቆ ነበር እኮ” አለኝ። በእኛ ቤት እውነትም አልቆ ነበር።

ምዘናው ሐሙስ ነው። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ፤ ነገ ሠርተን እናስረክባለን፣ ሐሙስ ብቻ መጥተው ያዩትን ይናገሩልን አልኳት። “እመጣለሁ እንጂ! ያየሁትን ነው የምናገረው፤ አንዲት አላስቀርም” አለችኝ። ተስፋ ይሁን ዛቻ ለመለየት ስጣጣር አመሸሁ። እናታችን ነገሩን ከሰማች በኋላ “እውነት የምትናገር ደንበኛ ይዘሽ ነው ምዘና የምትገቢው? በይ ከሶፋው የትኛው ጥግ እንደሚመችሽ ከወዲሁ ምረጪ” ብላ አጽናናችኝ።

ረቡዕ ያንኑ ግንብ ከመሠረቱ ጀመሩ። ደግነቱ ሲሚንቶ ተርፎ ነበር። የዚያን ቀን ቀልድ የሚባል አልተሰማም። ሥራው አጋማሽ ላይ ሲደርስ የዳቦ ቤቱ አከራይ፣ ከባቡር ሥራ በጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን እያንኳኩ ገቡና ጥግ ላይ የቀሩትን ጡቦች እያገላበጡ ያዩ ጀመር። “እነዚህን ትናንት ግንቡ ላይ አይቻቸው አልነበር? ማን ነው ያፈረሳቸው?” አሉ። ሰልጣኞቹ ወደ ቱንቢ አዩ፤ ቱንቢ ወደ እኔ፤ እኔ ወደ ምድጃው። በመጨረሻ ቱንቢ “እኛ ነን አባቴ” አለና ለከዘራው ትከሻውን አዘጋጀ። ሽማግሌው ግን አንዷን ጡብ ወደ ብርሃኑ አንስተው “አንዷም እኮ አልተሸረፈችም!” አሉ። ለካስ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ በኖራና በጭቃ ከተያያዘ ጡብ የተሠራ አሮጌ መጋዘን አላቸው። ጡቡ ዛሬ የማይገኝ ዓይነት ነው፤ ለልጃቸው ቤት ሊያደርጉት ይፈልጋሉ። የሚጠሩት ሠራተኛ ሁሉ ግን ትልቅ መዶሻ ተሸክሞ እየመጣ ያስደነግጣቸዋል። “ሳይሰብር የሚያፈርስ ሰው ፍለጋ ጫማዬ አለቀ” አሉን።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። የመዛኞቹ ሰብሳቢ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት፤ ስታይህ ያልሠራኸውን ሁሉ ያስታውስሃል። የውበት ሳሎኑ ክፍል ደንበኛ ጸጉሯን እያወዛወዘች ረክቻለሁ አለች። የብየዳው ክፍል ደንበኛ አዲሱ በሩ ጥርቅም ብሎ እንደሚዘጋ መሰከረ፤ ይከፈት እንደሆነ የጠየቀው የለም። የእኛ ተራ ደረሰ። ባለ ዳቦ ቤቷ ዱቄት የነካው ሽርጧን ሳታወልቅ ተነሳች። ሰብሳቢዋ “በሥራው ረክተዋል?” አለቻት። “የትኛውን ጊዜ ነው የምትጠይቂኝ?” አለች። ጋሽ ገበያ ዓይኑን ጨፈነ። እንደዛተችውም አንዲት አላስቀረችም፤ መሠራቱን፣ ማማሩን፣ መፍረሱን፣ መታጠቡን፣ ዘጠና ስምንቱን፣ እንደገና መሠራቱን። አዳራሹ በሳቅ ተናጠ፤ ያልሳቅነው እኔና ሰልጣኞቼ ብቻ ነን። ሳቁ ጋብ ሲል “ረክተሻል ወይ ለተባልኩት፣ ዛሬ ጠዋት ሳየው ቆሟል። ጀምሮ የሚጠፋ ሠራተኛ አይቻለሁ፤ ሁለቴ ሠርቶ ቤቴን ጠርጎ የሄደ ግን አላየሁም። ረክቻለሁ። ብቻ ለምን እንዳፈረሱት ሳላውቅ እንዳልሞት!” ብላ ተቀመጠች።

ሰብሳቢዋ መነጽሯን አደረገችና “እኔም” አለች። ለምን አፈረሳችሁት ተብሎ ተጠየቀ። ቱንቢ ተነሳ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። “ግንብ አድሮልን አያውቅም” አለ። ይህን ብቻ ተናግሮ ቆመ። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ የተመሰገነች መስሏት ከኋላ ብድግ ብላ “አንድም ጡብ ጠፍቶብን አያውቅም!” አለች፤ ማንም ግን አላጨበጨበላትም። ሰብሳቢዋ ቱንቢን ትክ ብላ አየችው። በመካከሉ ሽማግሌው ከዘራቸውን አንስተው “እነዚህን ልጆች ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ለእኔ ስጡኝ፤ የማስፈርሰው አለኝ” አሉ። ያኔ ሰብሳቢዋ ራሷ ሳቀች።

እናልህ ጋሼ፣ አልታጠፍንም። በውሳኔው ጡቦቹ ከቋሚ ንብረትነት ይሰረዛሉ፤ ከእንግዲህ ሰልጣኝ የሚለማመድበት ግንብ ሰው በሚጠቀምበት ቦታ ይሠራል፤ ተሠርቶም ይቀራል። የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ሴት ልጇን እንደዳረች እናት አለቀሰች። ጋሽ ገበያ ማይክሮፎኑን ነጥቆ፣ ይህ ሁሉ ገበያውን አጥንተን የነደፍነው ስልት ነው አለ። በማግስቱ በሩ ላይ አዲስ ሰሌዳ ሰቀለ፦ “በጥንቃቄ እናፈርሳለን። ሲጠየቅም እንገነባለን።”

በዚህ ገበያ ስቀልድ ከርሜያለሁ፣ ገናም እቀልዳለሁ። ግን ልዋሽህ አልችልም፤ በጀቱ በሰላም ሲመጣልን በኖረበት ዘመን ሁሉ “ግንባችሁ የታል?” ያለን አንድም አለቃ አልነበረም። የጠየቀችን ዳቦ ጋጋሪ ናት። ደግሞም ሁሉም እንደኛ አልቀናውም። የመጽሐፍ ጠረዛው መምህር የሚያስጠርዝ ሰው አጥቶ ክፍሉ ታጠፈ። መርፌውንና ክሩን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ግምጃ ቤት ሲወስድ በረንዳው ላይ አገኘሁት፤ ያን ሰዓት የመጣልኝ ቀልድ አልነበረም። አብሬው ሄጄ በሩን ከፈትኩለት።

አርብ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ብሄድ ሰልፉን የሞሉት ሰልጣኞቼ ናቸው። አንዳቸውም እዚያ ሰፈር አይኖሩም። አንድ አንድ ዳቦ ይገዙና ዞረው እንደገና ከኋላ ይሰለፋሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ግንቡን በመዳፋቸው ዳበስ ያደርጉታል። ሴትየዋ “ዳቦ ፈላጊዎች ናችሁ ወይስ የግንቡ ዘመዶች?” እያለች ትጮሃለች፤ እየጮኸችም ትሸጣለች። ቱንቢ ባለቤቱን ይዟት መጥቶ ኖሯል። ከታች ወደ ላይ እያሳየ፣ ይቺን መስመር እኔ፣ ያቺን እሱ፣ እያለ ሲያስረዳት አየኝና ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ቲቸር፣ እውነት አናፈርሰውም?” አለኝ። አናፈርሰውም አልኩት። ወደ ባለቤቱ ዞረና “ሰማሽ?” አላት።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን ለየባለቤቱ አድርስልኝ። ለሚስትህ፣ አንተን ችላ ስለምትኖር ከአንተ አስበልጬ እንደማከብራት ንገራት። ትልቋ ልጅህ ሒሳብ እንደበረታች ሰምቻለሁ፤ ግንባሯን ሳምልኝ፤ ከእኛ ወገን አለመውረሷ ግልጽ ነው። ለትንሿ፣ የወለቀው ጥርሷ እስኪበቅል ድረስ በሰፊው እንድትስቅ አክስትሽ ፈቅዳለች በላት። አማትህን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ የላኩልኝን የአንገት ልብስ ወርክሾፕ አላስገባውም፣ አሸዋ አይገባውም። ከዚህ ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ረጅም ሰላምታ ጻፍ ብለው “ሰላም” ብሎ ሰጠኝ። እናታችን እስከዚህ የጻፍኩትን ትናንት ማታ ቤት ሳነብላት ደጋግማ አስቁማኝ ሳቀች፤ የጠረዛው መምህር ጋ ስደርስ ግን ከንፈሯን መጠጠች። ከሁሉም በላይ ፎቶ ሳይሆን ራስህን ላክልኝ ብላሃለች፤ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ

ከግንበኝነት ክፍሉ ወርክሾፕ፣ አሸዋው ክምር ላይ ተቀምጬ፣ በምሳ ሰዓት
ሰኞ፣ መጋቢት ፲፱ ቀን